የኩፖኑ ጀርባ፤ ስለ ልዩ ቅናሽና ስለ ቤት ወጪ

ሰው ገንዘቡን በላቡ ካገኘው ዘንድ፥ በዐይኑ እያየ ሊያወጣው ይገባል። ይህን ቃል ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ነገር ግን በሱፐርማርኬት ደጃፍ «ልዩ ቅናሽ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ተሰቅሎ ባየን ጊዜ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። እኛም ከረሱት ወገን ስለ ሆንን፥ የደረሰብንን ሳናፍር ጽፈን ለቤተ ሰብ ሁሉ ምክር ይሆን ዘንድ ልናቀርበው አሰብን።

ሥራችን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው። ከጧት እስከ ማታ የሌላውን ሰው ውል፥ ደረሰኝና ማመልከቻ ስናነብና ስንመዘግብ እንውላለን። በዳኛ ፊት «ሳታነብ ፈረምህን?» ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ሰው ባየን ቍጥርም በልባችን ስንታዘበው ኖረናል። እነሆ፥ የታዘብነው ነገር በራሳችን ቤት ደረሰ።

ባለፈው የዘመን መለወጫ ሰሞን ለበዓል መዋያ የሚሆን የ3,000 ብር የሱፐርማርኬት ኩፖን በእጃችን ገባ። ኩፖኑ የሚያምር ወረቀት ነበር፤ በፊቱ ዐደይ አበባ ተሥሎበት፥ «የፈለጉትን ይግዙ» የሚል ቃል በትልልቅ ፊደል ታትሞበታል። እኛም ይህን አይተን ደስ አለንና፥ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ወደሚኖሩት አክስታችን ሄደን «ዘንድሮ ዘይቱንና ስኳሩን እኛ እናመጣለን፤ እርስዎ ለዚህ ገንዘብ አያውጡ» ስንል ቃል ሰጠን። እሳቸውም ቃላችንን አምነው በእጃቸው የነበረውን ጥቂት ገንዘብ ለዶሮና ለሽንኵርት አዋሉት።

በዋዜማው ከባለቤታችን ጋራ ወደ ሱፐርማርኬቱ ሄድን። ሰልፉ ረዥም ነበር። ዘይቱን፥ ስኳሩንና ለቤታችን የሚሆነውን ዕቃ በጋሪ ሞልተን ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት በደረስን ጊዜ ልጅቱ ኩፖኑን ገልብጣ አየችውና «ጋሼ፥ በዚህ ኩፖን ዘይትና ስኳር አይገዛም፤ ከጀርባው ተጽፎአል» አለችን። ከኋላችን የቆመው ሰው ሁሉ ይመለከተናል። በኪሳችን የነበረው ገንዘብ ለመጓጓዣ እንጂ ለዘይት የሚበቃ አልነበረም። ዘይቱንና ስኳሩን መልሰን በምትካቸው መኰሮኒና ሳሙና ብንወስድ ሒሳቡ 2,780 ብር ሆነ። የቀረው 220 ብር ይመለስልን ብንል «ለውጥ አይመለስም» ተባልን። እንግዲያስ ከምንተወው ብለን 260 ብር የሚያወጣ አንድ ጠርሙስ ማርመላታ አንሥተን፥ ከኪሳችን 40 ብር ጨመርን። እንደዚህ ሆኖ፥ ወጪ ሊያድነን የመጣው ኩፖን ያላሰብነውን ወጪ አስወጣን።

አመሻሹ ላይ ሳሙናውንና ማርመላታውን ይዘን ወደ አክስታችን ቤት ገባን። እሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው መረቁን፤ ከረጢቱንም ከፍተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፥ እግዜር ይስጥህ፤ ግን ማርመላታ ወጥ ይሆናል ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው ቃል አጣን። በዚያ ምሽት አክስታችን ዘይቱን ከጎረቤት ተበድረው ሠሩ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ተረት በሳቸው ላይ የደረሰው በእኛ ምክንያት ነው።

ወደ ቤታችን ተመልሰን መነጽራችንን አድርገን ያገለገለውን የኩፖኑን ቅጂ ብናነብ፥ የጤፍ ቅንጣት በሚያህል ፊደል አምስት ነገሮች ተጽፈዋል። ዘይት፥ ስኳርና ዱቄት አይገዛበትም፤ ለውጥ አይመለስበትም፤ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሠራበትም፤ ቅናሽ በተደረገበት ዕቃ ላይ አይውልም፤ ከጳጕሜን 5 ቀን በኋላ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሱፐርማርኬቱ ዋሸን ለማለት አንችልም። ነገር ግን የኩፖኑ ፊት እየጮኸ የተናገረውን፥ ጀርባው በሹክሹክታ ሻረው። የሸማቾች ሁሉ ብስጭት ከዚህ የሚመነጭ ነው። ሰውን የሚያናድደው የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ በስጦታ ስም ተጠርቶ በሰው ፊት ማፈሩ ነው።

አንባብያን ሆይ፤ ነጋዴ ያለ ምክንያት ቅናሽ እንደማያደርግ መቼም የታወቀ ነው። በአንዱ ዕቃ ላይ ዋጋ ሲቀንስ፥ ገዥው ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላውን ዕቃ በሙሉ ዋጋ ይገዛል ብሎ ያስባል። የመጨረሻ ቀን ሲወስን፥ ገዥው እንዲቸኩልና ሳያወዳድር እንዲገዛ ነው። ኩፖኑ ተረስቶ በመሳቢያ ውስጥ ከቀረ፥ አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ በነጋዴው እጅ ይቀራል። የነጥብ ካርድ ሲሰጥም ያ ቤተ ሰብ ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚገዛ እየመዘገበ ያውቅበታል። ይህ ሁሉ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ንግድ ነው። ነገር ግን ሻጩ ዐስቦ የሚሸጥ ሲሆን ገዥው ሳያስብ የሚገዛ እንደ ሆነ ሚዛኑ ያዘነብላል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሳሙና 60 ብር ነው እንበል፤ ሦስቱን በአንድ ላይ ለሚገዛ ግን 165 ብር ይሆናል። ሦስት ሳሙና ለሚያስፈልገው ቤት 15 ብር ተረፈ። አንድ ብቻ ለሚያስፈልገው ግን 105 ብር ያለ ጊዜው ወጣ። ደግሞ 100 ብር የነበረው ዕቃ ወደ 125 ብር ከፍ ብሎ፥ በሳምንቱ «ከመቶ 20 ቅናሽ» ቢባልበት፥ የሚከፈለው ያው 100 ብር ነው፤ የተቀነሰ ነገር የለም። እንደዚሁም 900 ግራም የሚመዝነው በ180 ብር፥ አንድ ኪሎ የሚመዝነው በ195 ብር ቢሸጥ፥ ርካሽ የሚመስለው ፊተኛው በኪሎ 200 ብር ይወድቃል፤ ስለዚህ ውዱ እርሱ ነው። «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ግዢ ነው።

ይህ ነገር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. አንድ ኩባንያ ለጉንፋን መከላከያ የሚሆን በአፍንጫ የሚማግ የጢስ ኳስ ይሸጥ ነበር። በጋዜጣም ባወጣው ማስታወቂያ «ኳሱን በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ቢኖር 100 ፓውንድ እሰጣለሁ፤ ለዚህም ማረጋገጫ 1,000 ፓውንድ በባንክ አስቀምጫለሁ» አለ። ካርሊል የሚባሉ ወይዘሮ ኳሱን ገዝተው እንደ ታዘዘው ሲጠቀሙ በሚከተለው ዓመት በጥር ወር ታመሙና ገንዘቡን ጠየቁ። ኩባንያው «ያ የማስታወቂያ ወግ እንጂ እውነተኛ ቃል አይደለም» ብሎ ተከራከረ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን በ1892 ዓ.ም. ለወይዘሮይቱ ፈረደ። በግልጽ ተነግሮ በባንክ ገንዘብ የተረጋገጠን ቃል ኋላ እንደ ቀልድ ማድረግ አይቻልም ማለት ነው። ይህ ፍርድ ዛሬም የሕግ ተማሪዎች ከሚማሩት መጀመሪያ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ሀገር በ1992 ዓ.ም. ሁቨር የተባለው የቤት ዕቃ ኩባንያ፥ ከ100 ፓውንድ በላይ ዕቃ ለሚገዛ ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት በነጻ እሰጣለሁ ሲል አስታወቀ። ከቲኬቱ ዋጋ የዕቃው ዋጋ አንሶ በመገኘቱ ሕዝቡ ዕቃውን ሳይፈልገው ለጕዞው ሲል ተሻማ። ኩባንያው ቃሉን ለመፈጸም ስላቃተው ብዙ ገዥዎች ቲኬት ሳያገኙ ቀሩ፤ አንዳንዶቹም በፍርድ ቤት ከሰሱት። ኪሣራው ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ አለቆቹም ከሥራ ተሰናበቱ። በ1995 ዓ.ም. የአውሮፓው ክፍል ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ያለ ልክ የተሰጠ ተስፋ ገዥውን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም እንደሚጥል ከዚህ እንማራለን።

ወደ ሀገራችን ሕግ ስንመለስ፥ በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይናገራል። በቍጥር 1687 እንደ ተጻፈው የዋጋ ዝርዝር የለጠፈ ወይም ዕቃውን ለሕዝብ ዘርግቶ ያሳየ ሰው፥ በዚህ ብቻ ውል ለመዋዋል ቃል እንደ ሰጠ አይቈጠርም። በቍጥር 1689 ደግሞ የጠፋ ዕቃ ላገኘ ወይም አንድ ነገር ለፈጸመ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ በማስታወቂያ የገለጸ ሰው በቃሉ ይታሰራል። እኛ ጸሓፊ እንጂ ዳኛ አይደለንምና የትኛው ኩፖን ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ አንፈርድም። ነገር ግን ልዩነቱን ማወቅ ለሁሉ ይጠቅማል፤ ዕቃ ማሳየትና ተስፋ መስጠት አንድ አይደሉም።

በ2006 ዓመተ ምሕረት የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ፥ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ስፍራ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲጽፍ፥ ደረሰኝም እንዲሰጥ አዝዞአል። ለሸማቹም ስለ ዕቃው በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፥ አማርጦ የመግዛት፥ በክብር የመስተናገድ መብት ሰጥቶታል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን ይህ ነው፤ ዕቃ ስላየ፥ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም። በሰልፍ ፊት አፍረን ያልፈለግነውን ማርመላታ ስናነሣ ይህን መብት ረስተነው ነበር።

ቅናሽ ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን እንዳይመስል፥ እውነቱን መናገር ይገባናል። የእንግሊዝ የንግድ ውድድር ባለሥልጣን በ2024 ዓ.ም. በሱፐርማርኬቶች የአባልነት ካርድ ቅናሽ የተደረገባቸውን 50,000 ያህል ዕቃዎች መርምሮ፥ ከመቶ 92 የሚሆኑት ከተለመደው ዋጋቸው በእውነት የቀነሱ ሆነው እንዳገኛቸው አስታውቆአል። ዳሩ ግን በአንዱ ሱቅ በካርድ የቀነሰው ዋጋ በሌላው ሱቅ ካለው ዋጋ ሁልጊዜ ያንሳል ማለት ስላልሆነ፥ ገዥዎች እየዞሩ እንዲያወዳድሩ መክሮአል። እንግዲህ ጥርጣሬ ብቻ ጥበብ አይደለም፤ ማንበብና ማስላት ግን ጥበብ ነው።

ስለዚህ ለየቤቱ እመቤቶችና አባወራዎች ይህን ምክር እናቀርባለን።

1ኛ፤ ኩፖን በእጃችሁ በገባበት ቀን ጀርባውን አንብቡ። ፊደሉ ካነሰባችሁ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጃችሁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ ለእርሱም ትምህርት ነው።

2ኛ፤ የሚያስፈልገውን ዕቃ በቤት ሳላችሁ በወረቀት ጻፉ። ከወረቀቱ ውጭ የሆነ ዕቃ በነጻ ካልተሰጠ በቀር ቅናሽ ሳይሆን ወጪ ነው።

3ኛ፤ ዋጋውን ከክብደቱ ጋራ አስተያዩ፤ ትናንት ስንት ነበር ብላችሁም ጠይቁ።

4ኛ፤ ከመደርደሪያው ላይ ያያችሁት ዋጋ በደረሰኙ ላይ ካለው ጋራ እኵል መሆኑን ከበሩ ሳትወጡ ተመልከቱ።

5ኛ፤ ኩፖኑን ለበዓል ዋዜማ አታቆዩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ በግፊያ መካከል የሚደረግ ግዢ ጸጸት አያጣውም።

6ኛ፤ በኩፖን ገና ያልገዛችሁትን ነገር ለሌላ ሰው ተስፋ አትስጡ። ይህን የምንለው ከሁሉ ይልቅ ለራሳችን ነው።

ለነጋዴዎችም አንድ ቃል አለን። በኩፖኑ ጀርባ የተጻፈውን በፊቱ ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ የፈቀደ ይግዛበት፥ ያልፈቀደ ይተወው። ዘይት የማይገዛበት ከሆነ «ዘይት አይገዛበትም» ማለት ነውር የለውም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ሸማቹን አንድ ቀን ያሳፈረ መደብር ዓመቱን ሙሉ ሲታማ ይኖራል። በገንዘብ መቀበያው የምትቀመጠው ልጅም ያልጻፈችውን ደንብ እየተሳደቡባት መዋል አይገባትም፤ እኛን ያስተናገደችን በትሕትና ነበር፤ ጥፋቱም የእርስዋ አልነበረም።

ለመስቀል ደመወዝ እንደ ተቀበልን፥ ያለ ኩፖንና ያለ ቅናሽ፥ ከሰፈራችን ሱቅ ዘይትና ስኳር በሙሉ ዋጋ ገዝተን ወደ አክስታችን ቤት ሄድን። እሳቸውም የተበደሩትን ዘይት በዚያው ሰዓት ለጎረቤታቸው ለክተው መለሱ። ከዚያም ከቁም ሣጥናቸው ያንኑ ማርመላታ ሳይከፈት አውጥተው፥ በዳቦ እየቀቡ ለሰፈሩ ልጆች አደሉት። ልጆቹ እጅግ ደስ አላቸው። አክስታችን ግን ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ ፈገግ እያሉ «ለሚመጣው ዓመት ወረቀቱን ለእኔ አምጣልኝ፤ እኔ አነባለሁ» አሉን።