ያውቁ ኖሯል? ቀኑ በስሙ ይጠራል

በቦረና ኦሮሞ ባህላዊ የዘመን አቆጣጠር የወሩ ቀን የሚታወቀው በቁጥር ሳይሆን በስም መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ስሞቹ 27 ናቸው። ወሩ ግን ጨረቃን ስለሚከተል 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ወሩ ሳያልቅ ስሞቹ ያልቁና ዑደታቸው እንደገና ይጀምራል፤ ቀጣዩ ወርም በሌላ ስም ይገባል። 12ቱ ወራት ሲደመሩ 354 ቀን ይሞላሉ። ሒሳቡን የሚይዙት አያንቱ የሚባሉ አዋቂዎች ናቸው፤ ጨረቃ ከየትኞቹ ከዋክብት ጎን እንደወጣች እያዩ፣ ያለ ወረቀት፣ በቃላቸው። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህንኑ በዝርዝር መዝግበውታል። ሥርዓት የሚፈጸምበት ቀን የሚመረጠውም በስሙ ነው፤ አንዱ ቀን ለከብት፣ ሌላው ለሌላ ጉዳይ የተመቸ ይባላል።

 

ቀንን በስም መጥራት ለአዳማ ኦርቶዶክስ ክርስቲያንም እንግዳ አይደለም። «ለአቦ እንገናኝ» ከተባሉ ቀጠሮዎ ወር በገባ በ5ኛው ቀን ነው። በተለይ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ብዙ ምዕመን አቦ ለሚባሉት ለገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ወደ ዝቋላ ተራራ ይወጣል።