የመኪና ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስ

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሾፌር ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፥ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱና ጉሙ ይቀበሉታል። በዚህ ጊዜ የመኪናው ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ቢነፍስ የፊቱን መስተዋት የሸፈነው ጭጋግ አይለቅም፤ መንገዱም ከዓይን ይሰወራል።

ማሞቂያው የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ውሃ በጎማ ቱቦ ወደ አንድ ትንሽ ራዲያተር ይገባል፤ ማራገቢያውም በዚያ ላይ አየር ይነፋል። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው የራዲያተሩ ውሃ ነው። ይኸውም ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ በትኩሱ ክዳኑን የሚከፍት ሰው እጁና ፊቱ ይቃጠላል። ውሃው ጎድሎ ቢገኝ ሞልቶ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ የሚያፈሰው ስፍራ ይፈለግ። ብዙ ሾፌር ግን የተበላሸው ማሞቂያው ብቻ መስሎት ጋቢውን ተከናንቦ ይነዳል፤ ዳገቱን ሳይጨርስም ሞተሩ ግሎ ይበላሻል።

ውሃው ሙሉ ሆኖ ሳለ የሙቀት መለኪያው ከረዥም ጉዞ በኋላም ከፍ ካላለ፥ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን መለወጥ ነው። መለኪያው ደኅና ከሆነ ግን ከማሞቂያው ጋር የተያያዙት ሁለት ቱቦዎች ይዳሰሱ። አንዱ ሞቆ ሌላው ቢቀዘቅዝ ትንሹ ራዲያተር በዝገት ተደፍኗል፥ ወይም አየር ታምቆበታል። ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ደጋግሞ የሚጨመርበት መኪና ለዝገቱ ቶሎ ይጋለጣል። ሁለቱም ሞቀው አየሩ ከቀዘቀዘ፥ ጥፋቱ ነፋሱን ወደ ትንሹ ራዲያተር በሚመራው መዝጊያ ላይ ነው።