ፈረሰኛው አዛዥ፦ ከካራ ማዶ፣ በሰገሌ ሜዳ

ከመገናኛ ተነሥቶ ኮተቤን የሚያቋርጠው የደሴ መንገድ ካራ ሲደርስ በስተግራው የየካና የእንጦጦ ተራራ፣ በፊቱ ደግሞ የለገ ጣፎና የሰንዳፋ ሜዳ አለ። ተራራው ለአዲስ አበባ የሰሜን አጥር ነው። ከወሎ በኩል ለሚመጣ ጦር፣ በተለይ ፈረስ ለበዛበት፣ አጥሩን ከመውጣት በምሥራቅ ጫፉ ዞሮ በሜዳው መግባት ይቀለዋል። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ከተማዋ ጆሮዋን የተከለችው ወደዚህ አቅጣጫ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል 80,000 የሚገመት ሠራዊት አስከትለው እየመጡ ነው የሚል ወሬ ደርሷታል።

ጥቅምት 17 ቀን፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሰገሌ ላይ ጦርነቱ ተገጠመ። የሁለቱ ወገን አዛዦች በፈረሰኛ መሪነት ስም ያተረፉ ሰዎች ነበሩ። በአንዱ በኩል የወሎው ንጉሥ ሚካኤል፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ፤ በሌላው የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በቅጽል ስማቸው አባ መላ። በእነዚያው ሳምንታት ፈረንሳይ አገር፣ ሶም ወንዝ አጠገብ፣ የእንግሊዝን ሠራዊት የሚመሩት ጄኔራል ዳግላስ ሄግም ከፈረሰኛ ጦር የወጡ መኮንን ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ በኮርቻ ላይ አድጎ የአገር ጦር አደራ የተሰጠው አዛዥ፣ በሁለቱም አገር በአንድ ዘመን ታየ። የተማረበት ትምህርት ቤት ግን ለየቅል ነበር።

ፈረስ፣ በቅሎና ጉግስ

በኢትዮጵያ ፈረሰኛው ለብቻው የተከለለ የጦር ክፍል አልነበረም። መኳንንቱ ሁሉ እንደየአቅማቸው ፈረሰኛና እግረኛ ይዘው ይዘምታሉ፤ ሲሰለፉም ፊታውራሪው ግንባሩን፣ ቀኛዝማቹ ቀኙን፣ ግራዝማቹ ግራውን ይይዛል። ስለዚህ ፈረሰኛ የሚመራ ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ ጠመንጃ ያዡንም፣ ጋሻና ጦር አንጋቹንም፣ ጓዝ ጫኙንም ማዘዝ ይለምዳል። ከፍ ያለ ሹመት ሲመጣለት አዲስ ሙያ አይሆንበትም፤ የሚያዘው ሰው ቁጥር ነው የሚጨምረው።

በዘመቻ ጉዞ ላይ ጌታው የሚቀመጠው በበቅሎ ነው። ፈረሱ ባዶውን ተስቦ ከጎን ይሄዳል። በቅሎ ዳገትና ገደል የምትችል የመንገድ ከብት ናት፤ ፈረስ ግን ጉልበቱ ለአንዲት ሰዓት ይቆጠባል። ያቺን ሰዓት አሳልፎ ወይም ቀድሞ ፈረሱን ያደከመ አዛዥ በጠላት ፊት እግረኛ ሆኖ ይቀራል። ቆላውም የራሱ ፈተና አለው። የፈረስ በሽታ የሚበረታው በሞቃትና በረባዳ ቦታ ስለሆነ ጥሩ ፈረስ የሚረባው እንደ ሰላሌ፣ እንደ ሰንዳፋና እንደ ወሎ ባለው ደጋ ነበር።

ዕቃው ቀላል ነው። የጥንቱ እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ቀለበት ሲሆን ጋላቢው ባዶ እግሩን ነበር። በግራ እጁ ጋሻና ዛብ ይይዛል፣ በቀኙ ጦር። ልምምዱ ጉግስ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ዘንግ ሲወረውር ሸሺው በጋሻው ይመክታል፣ አለዚያም በፈረሱ ጎን ተጋድሞ ያሳልፈዋል። ከዚያ ዞሮ እሱ አባራሪ ይሆናል። በጥምቀትና በሌሎች በዓላት ጃን ሜዳ ላይ ሕዝብ የሚደሰትበት ይህ ጨዋታ ለጦር አለቃው ቁም ነገር ያስተምር ነበር፤ ማፈግፈግ መሸነፍ እንዳልሆነና መዞሪያዋን ቅጽበት ያወቀ እንደሚያሸንፍ።

ፈረሱ ለጌታው ስምም ይሰጣል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ወታደሩ የሚፎክረው፣ አዝማሪው የሚያወድሰው በዚህ ስም ነው። የካ ውስጥ የእንግሊዝ ኤምባሲ ባለበት በኩል የሚያልፈው ጎዳና የአርበኛውን የደጃዝማች ፍቅረ ማርያምን ስም የያዘው ከነፈረስ ስማቸው፣ ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ተብሎ ነው። የቤተ መንግሥት ፈረሶች ኃላፊ ባልደራስ የሚል ማዕረግ ነበረው፤ በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማም ባልደራስ የሚባል ሰፈር አለ።

ከእምባቦ እስከ ዓድዋ

ፈረሰኛ አዛዥ የሸዋን ታሪክ ሲለውጥ ሰገሌ የመጀመሪያው አይደለም። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ሲያደርጉ የራስ ጎበና ዳጬ የኦሮሞ ፈረሰኛ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በዓድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ከዋናው የኢጣልያ ጦር ተነጥሎ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ የገባው የጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ሲያፈገፍግ ያጨደው ፈረሰኛው ነው፤ ከዚያ ፈረሰኛ መሪዎች አንዱ በዚያን ጊዜ ራስ የነበሩት ሚካኤል ናቸው። እግረኛው ጠላትን ይሰብራል፣ ፈረሰኛው የተሰበረው እንዳይጠገን ያደርጋል፤ የሥራ ክፍፍሉ ይህ ነበር።

ሀብተ ጊዮርጊስም የዓድዋ ሰው ናቸው። ከደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ ከጨቦ በኩል፣ ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት እንደገቡ ይነገራል። ፊታውራሪ ገበየሁ፣ አባ ጎራው፣ ዓድዋ ላይ ሲወድቁ ፊታውራሪነቱ ለእርሳቸው ተሰጠ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ከዚያ ሥልጣን ሳይወርዱ ነገሥታት ተለዋውጠዋል።

በዓድዋ ዓመት ሁለት የእንግሊዝ ፈረሰኛ መኮንኖች፣ ሄግና ኤድመንድ አለንቢ፣ ካምበርሊ በሚገኘው የጦር ስታፍ ኮሌጅ አብረው ይማሩ ነበር።

ከፖሎ ሜዳ ወደ ጦር አዛዥነት

የእንግሊዝ ፈረሰኛ ራሱን የቻለ ክፍል ነው፤ ሁሳር፣ ድራጉን፣ ላንሰር የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክ፣ ልብስና ኩራት ያላቸው ሬጅመንቶች። መኮንኑ ከደመወዙ በላይ የሆነ የራሱ ገቢ ያስፈልገዋል፤ ፈረስ ያስገዛዋል፣ ቀበሮ ያሳድናል፣ ፖሎ ያጫውታል። ሄግ ጥሩ የፖሎ ተጫዋች ነበሩ። እግረኛው መኮንን በዚህ ሁሉ ቅር ይለው ነበር፤ ፈረሰኞቹ በገንዘብና በትውውቅ ይሾማሉ የሚል ሐሜትም አልጠፋም።

ወደ ላይ ያወጣቸው ግን በዋናነት የደቡብ አፍሪካው የቦየር ጦርነት ነው። ሰፊ ሜዳ፣ ፈጣን ጠላት፣ ረጅም ርቀት። ጆን ፍሬንች በየካቲት 1900 እ.ኤ.አ. የፈረሰኛ ክፍለ ጦር ይዘው ገስግሰው የተከበበችውን ኪምበርሊ ነጻ አወጡ፤ የስታፍ አለቃቸው ሄግ ነበሩ። አለንቢና ሂዩበርት ጎፍም በዚያው ጦርነት ስም አገኙ። ከዓሥራ አራት ዓመት በኋላ የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ ፈረንሳይ የዘመተውን ሠራዊት ፍሬንች መሩ፤ በ1915 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሄግ ተኳቸው። በሰገሌ ሰሞን በፈረንሳይ ከነበሩት አምስት የእንግሊዝ ጦሮች ሁለቱ በአለንቢና በጎፍ፣ ማለት በፈረሰኞች እጅ ነበሩ።

ምሽግ፣ እሾሃማ ሽቦና መትረየስ በሞላበት መሬት ግን ፈረሱ መግቢያ አጣ። ሄግ እግረኛው በመድፍ ታግዞ ምሽጉን ሲሰብር በተከፈተው በር የሚገባ ፈረሰኛ ከኋላ አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። በሩ አልተከፈተም። ሐምሌ 1 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ57,000 በላይ የእንግሊዝ ወታደር ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ፤ ሶም እስከ ኅዳር ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በፈረሱ ላይ አደረጉት፤ የኮርቻ ሰው ዘመኑን አላወቀም አሉ።

መልሱ አለንቢ ላይ አለ። ወደ ፍልስጤም ተዛውረው በመስከረም 1918 እ.ኤ.አ. መጊዶ ላይ ያደረጉት ከዚያው ትምህርት የተቀዳ ነው። በዮርዳኖስ ሸለቆ ከሸራ የተሠሩ የሐሰት ፈረሶች አስቁመው ጠላት ዓይኑን ወደዚያ እንዲያደርግ አደረጉ፤ እውነተኛውን ፈረሰኛ ግን በሌሊት ወደ ባሕሩ ዳር አዛወሩ። እግረኛውና መድፉ በሩን ሲከፍቱ የሃሪ ሾቬል ፈረሰኛ ኮር ገብቶ የኦቶማንን ጦር ኋላ ቆረጠ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደማስቆ ተያዘች። ሄግም አለንቢም የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። መሬቱ ተለየ፣ ጠላት ተለየ፤ ከሁሉም በላይ አለንቢ በሩ መከፈቱን ሳያረጋግጡ ፈረሳቸውን አልለቀቁም።

ሰገሌ

አሁን ወደ ካራ ማዶ እንመለስ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ልጃቸው የወረዱባቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ተነሡ። አንኮበር አካባቢ፣ ቶራ መስክ ላይ፣ በራስ ልዑል ሰገድ የሚመራውን የሸዋ ቀዳሚ ጦር ደመሰሱት፤ ራስ ልዑል ሰገድም ወደቁ። ከዚያ በኋላ የወሎ ፈረሰኛ ሳይቆም ቢጋልብ ሸዋ ገና ሙሉ ጦሯን አልሰበሰበችም ነበር።

አልጋለበም። እንደሚተረከው ሀብተ ጊዮርጊስ ለንጉሥ ሚካኤል መልእክት ላኩባቸው፤ ልባቸው ከኢያሱ ጋር እንደሆነ፣ ጥቂት ቢታገሡ ነገሩ በሰላም እንደሚያልቅ የሚያሳምን። ሚካኤል ቆሙ። በቆሙባቸው ቀናት ሸዋ ተሰበሰበች፤ የሰላሌው ራስ ካሣ ኃይሉም ከነጦራቸው መጡ። ጉግስ የሚያስተምረው ማባበል ይኸው ነው፤ እየሸሸ ያለ መስሎ፣ አባራሪው ዘንጉን እስኪጨርስ ጠብቆ መዞር። ልዩነቱ ሀብተ ጊዮርጊስ ይህን ያደረጉት በአንድ ፈረስ ሳይሆን በመንግሥት ደረጃ መሆኑ ነው።

ጥቅምት 17 ሲነጋ ጦርነቱ ተጀመረ፤ በዚያው ቀን አለቀ። ከሁለቱም ወገን የወደቀው ሰው እጅግ ብዙ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ኢያሱ ደጋፊዎቻቸውን ይዘው ለአባታቸው ለመድረስ ቢገሰግሡም ከጦርነቱ በኋላ ደረሱ፤ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ዓድዋ ላይ የሸሸውን ጠላት ያሳደደው የሚካኤል ፈረሰኛ እዚህ ያጣው ጀግንነት አይደለም፤ ቶራ መስክ ላይ ያገኛትን ሰዓት አሳልፎ ሰጠ።

ድል አድራጊው ጦር ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ጃን ሜዳ ላይ ሰልፍ አሳየ። ካዩት መካከል በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ የሚኒስትሩ ልጅ ዊልፍሬድ ቴሲገር፣ ኋላ ታዋቂ ተጓዥና ጸሐፊ የሆነው። በጋሻና በጎፈር ያጌጠው ሠራዊት ሲያልፍና ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው ሲቀርቡ ማየቱ ዕድሜውን በሙሉ እንዳልተለየው በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ንጉሥ ሚካኤል እንደታሰሩ በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዐረፉ።

ከፈረስ በኋላ

ሰገሌ ፈረሰኛ አዛዦች የመንግሥቱን ዕጣ ከወሰኑባቸው ትላልቅ ጦርነቶች የመጨረሻዎቹ ውስጥ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲገጥሙ አውሮፕላን ከላይ ወረቀትና ቦምብ ጣለ፤ ራስ ጉግሣም በውጊያው ሞቱ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ሚካኤል ሊገቡበት ባሰቡት በደሴ መንገድ የኢጣልያው ማርሻል ባዶሊዮ በመኪና ሰልፍ አዲስ አበባ ገቡ።

ፈረሱ ግን ከአገሩ አልጠፋም። ከአፍሪካ ብዙ ፈረስ ያላት አገር ኢትዮጵያ ናት። በአዊ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል። ጉግሱን፣ የፈረስ ጌጡንና የአሰላለፉን ወግ በተግባር ማየት የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ቢሄድ ያገኘዋል።

ፈረሰኛ አዛዦችን በጅምላ ማወደስም ሆነ በጅምላ መውቀስ ታሪኩን አያስረዳም። ሄግን ለመመዘን የሶምን ምሽግ፣ ሚካኤልን ለመመዘን የቶራ መስክን ማግስት ማየት ያስፈልጋል። ፈረስ ለአዛዡ ፍጥነት ይሰጠዋል፤ ያ ፍጥነት ለየትኛው ሰዓት እንደሚዋል የሚወስነው ግን ሰውዬው ነው። በሁለቱ አገሮች ውጤት ያስመዘገቡት፣ አለንቢም ሆኑ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ሌላውን አዘናግተው ራሳቸው መጠበቅ የቻሉ ናቸው። ታንክም ሆነ አውሮፕላን የተሰጠው የዛሬ አዛዥ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።