የደኖታር ግንብ፦ የፍርስራሹ ታሪክና የጎብኚ መስሕብነቱ

በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ከአበርዲን በስተደቡብ በምትገኘው የስቶንሄቨን ከተማ አቅራቢያ፣ አብዛኛው ዙሪያው በሰሜን ባሕር የተከበበ ዓለታማ አምባ አለ። አምባው ከባሕሩ 50 ሜትር ያህል ከፍ የሚል ሲሆን ከየብሱ ጋር የሚያገናኘው ጠባብ መሬት ብቻ ነው። በላዩ የቆመው የደኖታር ግንብ ዛሬ አብዛኛው ክፍሉ ጣራ አልባ ፍርስራሽ ቢሆንም ከአገሪቱ ታዋቂ የጎብኚ መስሕቦች አንዱ ነው። ለመስሕብነቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የመልክዓ ምድሩ ግርማ ነው። ግርማው ጎብኚን እንደሚስብ አያጠያይቅም። ለቦታው ክብደት የሚሰጡት ግን በአንድ ዓለት ላይ የተገናኙ ሁለት ተቃራኒ ትውስታዎች ናቸው፤ አንደኛው የዘውድ፣ ሁለተኛው የእስረኞች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቦታው ስም መነሻ ላይ ያለው «ዱን» በጌሊክ ቋንቋ ምሽግ ማለት ነው። ዛሬ ከሚታዩት ሕንጻዎች ጥንታዊ የሆነውን የመኖሪያ ማማ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ያሠራው ሰር ዊልያም ኪዝ ነው። መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ስለነበረ በግንባታው ምክንያት ተወግዞ፣ ግዝቱ በ1395 በአቪኞኑ ጳጳስ ደብዳቤ ተነሥቶለታል። የኪዝ ቤተሰብ «ማሪሻል» የተባለውን ማዕረግ በዘር ሐረግ ይወራረስ ነበር። ከማዕረጉ ኃላፊነቶች አንዱ ዘውዱን፣ በትረ መንግሥቱንና የመንግሥቱን ሰይፍ መጠበቅ ነው። የግንቡን ዕጣ ከዙፋኑ ዕጣ ጋር ያቆራኘውም ይኸው ኃላፊነት ነው።

ቁርኝቱ የተፈተነው በኦሊቨር ክሮምዌል ዘመን ነበር። በእንግሊዝ ንጉሡ በ1649 ከተገደለ በኋላ የእንግሊዝ ዘውድ እንዲቀልጥ ተደርጓል። ስኮትላንዳውያን በአንጻሩ ዳግማዊ ቻርልስን በጥር 1651 ስኮን ላይ አነገሡ። የኤድንብራ ግንብ ቀደም ብሎ በክሮምዌል ጦር እጅ ወድቆ ስለነበር ንዋያቱ ወደዚያ ሊመለሱ አልቻሉም፤ ስለዚህም ወደ ደኖታር ተወሰዱ። ጦሩ በዚያው ዓመት መስከረም ግንቡን ከበበ። ጆርጅ ኦጊልቪ ጥቂት ወታደሮችን ይዞ ለስምንት ወራት ያህል ተከላከለ። በግንቦት 1652 በመድፍ ተደብድቦ እጁን ሲሰጥ ግን ድል አድራጊዎቹ ንዋያቱን አላገኟቸውም። አስቀድመው በድብቅ ወጥተው በአቅራቢያው ባለው የኪኔፍ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ተቀብረው ነበር። ስለ አወጣጣቸው ሁለት ትረካዎች አሉ። አንደኛው የኪኔፍ ቄስ ሚስት ክርስቲያን ግሬንጀር ዘውዱን በልብሷ፣ በትሩንና ሰይፉን በተልባ ቃጫ እስር ውስጥ ሸሽጋ እንዳወጣቻቸው ይናገራል። ሌላው በገመድ በገደሉ ቁልቁል ወርደው የባሕር አረም የምትለቅም ለመሰለች ሴት እንደተሰጡ ይተርካል። ንዋያቱ እስከ 1660 በዚያው ቆዩ፤ ዛሬ በኤድንብራ ግንብ ለዕይታ ይቀርባሉ።

ሁለተኛው ትውስታ የዚሁ ታሪክ ግልባጭ ነው። በ1685፣ የዳግማዊ ቻርልስ ወንድም ጄምስ እንደነገሠ፣ ንጉሡ በቤተ ክርስቲያን ላይ የበላይ ነው ብለው አንምልም ያሉ 122 ወንዶችና 45 ሴቶች ወደ ደኖታር ተወሰዱ። «ቃል ኪዳናውያን» የሚባሉት እነዚህ ፕሬስቢቴሪያኖች የታጎሩበት ምድር ቤት «የዊጎች ምድር ቤት» ተብሎ ይታወቃል። ክፍሉ 16 ሜትር በ4.5 ሜትር ስለሆነ ለእያንዳንዱ እስረኛ ከግማሽ ካሬ ሜትር ያነሰ ቦታ ይደርሰው ነበር ማለት ነው። በእስር ላይ የሞቱ፣ በገደሉ በኩል ሊያመልጡ ሲሞክሩ ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። በአቋማቸው ከጸኑት ብዙዎቹ በመርከብ ወደ አሜሪካ ተግዘው በርካቶች በጉዞው አለቁ። ከምድር ቤቱ በላይ ያለው ክፍል «የንጉሡ መኝታ ቤት» መባሉ የሁለቱን ትውስታዎች ቅርበት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ያሳያል።

ግንቡ ፍርስራሽ የሆነው በጊዜ ብዛት ብቻ አይደለም። አሥረኛው ማሪሻል ጆርጅ ኪዝ በ1715ቱ የጃኮባውያን ዐመፅ በመሳተፉ ርስቱ ተወረሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግንቡን የገዛው ኩባንያ ሊሸጥ የሚችለውን ዕቃ ሁሉ ነቃቅሎ ወሰደ። የጥገና ሥራ የተጀመረው በ1925 በባለቤቶቹ በካውድሬይ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ የጣራው አለመኖር ራሱ ሊነበብ የሚገባው ሰነድ፣ የፖለቲካ ሽንፈት ምልክት ነው።

የዛሬው ጎብኚ በገደሉ ጥግ በተሠራው ደረጃ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ በጠባቡ በር ይገባል። ከበባ ምን ያህል አዳጋች እንደነበር የሚረዳው ከገላጭ ጽሑፍ በፊት በጉልበቱ ነው። በ1990 የወጣው «ሐምሌት» ፊልም በዚህ መቀረጹም ዝናውን አስፍቶታል። ሆኖም የባሕሩን ዕይታና የዘውዱን ጀብዱ ብቻ ይዞ የሚመለስ ጎብኚ ግማሹን ታሪክ ትቶ ይሄዳል። ደራሲው ዋልተር ስኮት ሁለቱንም ገጽታዎች ያውቅ ነበር። በ1793 በደኖታር ደብር መቃብር የቃል ኪዳናውያኑን የመቃብር ድንጋይ ሲያድስ ከነበረው ሮበርት ፓተርሰን ጋር ተገናኝቷል፤ በ1818 ደግሞ በኤድንብራ ግንብ ለአንድ ምዕት ዓመት ተቆልፎባቸው የቆዩት ንዋያት ሲከፈቱ ከተገኙት አንዱ ነበር።

ከዚህ ለቅርስ አተረጓጎም ጥናት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዘውዱ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ጠባቂ አለው፤ የምድር ቤቱ ታሪክ ግን ከባዶው ክፍልና ከአንድ የመቃብር ድንጋይ በቀር ብዙ የሚታይ ምስክር የለውም። የፍርስራሽ ጥበቃ ግድግዳን ከመደገፍ አልፎ፣ ጎብኚው ከንጉሡ መኝታ ቤት ወደ ምድር ቤቱ እንዲወርድ በቂ ምክንያት መስጠትን ይጨምራል።