መዝገቡ በማን እጅ ነው?

በቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ድጓ የዘለቀ ደቀ መዝሙር፣ ዜማውን ጎጃም ይማረው ወሎ፣ ጋይንት ቤተልሔም ገብቶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት ያጠና ከሆነ ምስክሩ እዚያው ጋይንት፣ ዙር አምባ ነው። ለአቋቋም ደግሞ ጎንደር በአታ አለች። እያንዳንዱ ትምህርት ባለቤት አለው፤ ተማሪውም ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

የኢንተርኔት የስም ሥርዓትም አሠራሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 በነደፈው ዲኤንኤስ በተባለው ሥርዓት፣ ስልክ አንድ ገጽ ከመክፈቱ በፊት የስሙን ቁጥር ይጠይቃል። ጥያቄውን የሚቀበለው ስም ፈቺ ባለቤቱን አፈላልጎ መልሱን ያመጣል። ችግሩ አንባቢው የጠራው አንድ ስም ሆኖ ሳለ ገጹ በራሱ ብዙ ስሞችን መጥራቱ ነው፦ ማስታወቂያ አቅራቢ፣ ጎብኚ ቆጣሪ፣ ሰውየው ትናንት ምን እንዳየ መዝግቦ ዛሬ የሚሸጥ ድርጅት።

በጋይንትና በዙሪያው፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ለሚኖር ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዳታ የሚገዛው በጥቅል፣ ከኪስ በሚወጣ ብር ነው። ሳይነካ የሚጀምር የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚበላው ያንኑ ጥቅል ነው። አስነጋሪው ለማስታወቂያው የከፈለ ቢሆንም፣ ማስታወቂያውን እስከ ጋይንት ያመጣው የአንባቢው ካርድ ነው።

መፍትሔው ስም ፈቺውን የራስ ማድረግ ነው። በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ ወይም በኢንተርኔት ካፌ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ለዚህ ይበቃል። ለደኅንነት የሚጨነቁ አንዳንድ ባለሙያዎች የሚመርጡት ኦፕንቢኤስዲን ነው። ቴዎ ደ ራት እ.ኤ.አ. በ1995 ካናዳ፣ ካልጋሪ ላይ የጀመረው ይህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን አብዛኛው አገልግሎት ዝግ ነው፤ የሚያስፈልገውን የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። አንባውንድ የተባለው ስም ፈቺም እ.ኤ.አ. ከ2014ቱ 5.6 እትም ጀምሮ አብሮት ይመጣል፤ የሚሠራውም ከራሱ ማኅደር ውጭ እንዳያይ ተከልሎ ነው።

ሥራው ረጅም አይደለም። በጎ ፈቃደኞች የሚያሰባስቡት የማስታወቂያና የክትትል ስሞች ዝርዝር ይወርዳል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ስም ይይዛል። እያንዳንዱ ስም «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል መልስ እንዲሰጠው ሆኖ በአንባውንድ ማዋቀሪያ ውስጥ ይገባል፤ ፋይሉ ስህተት እንደሌለው ይፈተሻል፤ አገልግሎቱ ይነሳል። በዋይፋዩ የሚገቡ ስልኮች በሙሉ የዚህን ኮምፒውተር አድራሻ እንዲይዙ ይደረጋል። አልፎ ሌላ ስም ፈቺ ለመጠየቅ የሚሞክረውን ፒኤፍ የተባለው የሥርዓቱ ኬላ ወደ አንባውንድ ይመልሰዋል። በየስልኩ ምንም መጫን አያስፈልግም።

የማይደርስበትም አለ። ዩቲዩብና ፌስቡክ ማስታወቂያቸውን ከራሳቸው ይዘት ጋር ስለሚልኩ በስም መለየት አይቻልም። አንዳንድ መተግበሪያ ጥያቄውን መስጥሮ በሌላ መንገድ ያሳልፋል። ዝርዝሩ ተሳስቶ አስፈላጊ ገጽ ሊዘጋ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአካባቢው አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በሞባይል ዳታ ስለሆነ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ከግቢው በር አልፎ አይከተለውም። ለእሱ ያለው አማራጭ አንድሮይድ ከ9ኛው እትም ጀምሮ በቅንብሩ ውስጥ ያስገባው፣ የሚያምኑትን ስም ፈቺ የመምረጫ ቦታ ነው።

ስም እየመረጡ መዝጋት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ዘዴው ይለያይ እንጂ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የተቃዋሚ ገጾችና ብሎጎች በመንግሥት ታግደዋል። በ2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው ስውር መንገድ ሳይቀር ተዘጋ። ሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና ጣቢያዎች መከፈታቸው ሲነገር ብዙ አንባቢ የዝርዝሩን ርዝመት ያወቀው ያኔ ነው። ክትትሉም አብሮ ነበር፦ የቶሮንቶው የጥናት ተቋም ሲቲዝን ላብ ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. ባወጣቸው ጥናቶች በውጭ ያሉ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞችንና ሌሎች ኢትዮጵያውያንን ያነጣጠሩ የስለላ ሶፍትዌሮችን አጋልጧል።

ከማገድና ከመከታተል ሌላ ጭርሱን ማጥፋትም አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። መስመሩ ሲጠፋ ማስታወቂያውም ዜናውም እኩል ጠፋ፤ ለዚያ አንባውንድ መላ የለውም።

አሁን ሕግ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ በምን አግባብ እንደሚሰበሰብ ደንግጎ ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። የማስታወቂያ ተከታታዮቹ አገልጋዮች ግን በአብዛኛው ከአገር ውጭ ናቸው። አዋጁ እጁን ዘርግቶ እስኪደርስባቸው በራስ ግቢ የሚተከል ስም ፈቺ ቀድሞ ይሠራል።

ስም ፈቺውን የያዘው ኮምፒውተር ግን ለባለቤቱ ሌላ ጉልበትም ይሰጠዋል። የተጠቃሚዎቹ ስልኮች የሚጠሩት ስም ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፤ ማን የትኛውን የጤና ገጽ፣ የትኛውን የዜና ጣቢያ እንደከፈተ ሊያይ የሚችለው እሱ ነው። ስለዚህ የታገዱት ስሞች ዝርዝር ለተጠቃሚው ግልጽ መሆኑ፣ በስህተት የተዘጋ ገጽ ሲገኝም ለማን እንደሚነገር መታወቁ ከቴክኒኩ እኩል ይመዝናል። በአንባውንድ ማዋቀሪያ ፋይል ጥያቄዎችን መዝግብ የሚለው ትእዛዝ ማንም ካልነካው «አይ» ላይ ይቆያል። ወደ «አዎ» ለመቀየር የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ማወቅና አንዲት ቃል መጻፍ ይበቃል።