ያውቁ ኖሯል? በጋራዥ የተጀመረው የሃርለም ባሌት

በኒውዮርክ ከተማ በሃርለም ሰፈር ተወልደው ያደጉት ሚስተር አርተር ሚቸል፣ የባሌት ጥበብ ለነጮች ብቻ የተፈቀደ ርስት መስሎ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ወደ ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ገብተው፣ በተሰጣቸው መክሊት ተግተው በመሥራት ከዋነኞቹ ዳንሰኞች ማዕርግ የደረሱ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ዳሩ ግን በሚያዝያ 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በጥይት መገደላቸውን በሰሙ ጊዜ፣ የራሳቸው ክብር ብቻውን አላረካቸውምና፣ ያሳደጋቸውን ሰፈር ልጆች ለማስተማር ቆርጠው ተነሡ፤ በተከታዩም ዓመት ከመምህራቸው ከካረል ሹክ ጋር ሆነው የሃርለም የዳንስ ቴአትር የተባለውን፣ ትርፍ የማይሻ ማኅበርና ትምህርት ቤት መሠረቱ።

ትምህርቱ የተጀመረው 30 ልጆችን ይዞ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሲሆን፣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት ስለነበር አላፊ አግዳሚው ሕፃን ሁሉ እያየ ይማረክ ነበርና፣ ብዙ ሳይቆይ ተማሪዎቹ 400 ደረሱ። የባሌት ልብስ ላሳፈራቸው ወንዶች ልጆችም በተቆረጠ ጂንስ ሱሪ መማር ተፈቀደላቸው፤ ይህም የሚስተር ሚቸልን አስተዋይነት የሚመሰክር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን፣ ሮዝ ቀለም ያለው የእግር ሹራብና ጫማ እንደ ሕግ ይቆጠር በነበረበት ጥበብ፣ የማኅበሩ ዳንሰኞች እያንዳንዳቸው የገዛ ቆዳቸውን ኅብረ ቀለም የመሰለ ሹራብና ጫማ ለብሰው መድረክ መውጣታቸው ነው። በ2004 በዕዳ ብዛት የተቋረጠው የቡድኑ ትርኢት በ2012 እንደ ገና ቀጥሏል።