ስለ ደም ብዛትና ስለ ዘማቹ አሮጌ ካርድ
ደም ብዛት የያዘው አሜሪካዊ የቬትናም ዘማች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ከወጣው ሕግ ወዲህ፣ በሽታው በጫካው ላይ ከተረጨው የቅጠል ማርገፊያ መርዝ መምጣቱን አስረዳ አይባልም። የጉዳት አበሉ ግን በልኬት ቁጥር ይመዘናል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌው ዛሬ መድኃኒት ስለሚውጥ ልኩ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ታዲያ ባዶ እጁን ይመለስ? ደንቡስ እንዲህ አይልም፤ ቀድሞ የታችኛው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 100ና ከዚያ በላይ እንደነበረ፣ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ መውሰድ እንዳለበት ከተረጋገጠ 10 በመቶ ይታሰብለታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው፣ መድኃኒት ሳይጀምር የተጻፈው አሮጌ ካርድ ነው እንላለን። የአንድ ቀን ልኬት አይበቃም፤ በሽታው የሚረጋገጠው ቢያንስ በሦስት ልዩ ልዩ ቀኖች፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተለክቶ ነው። እኛ ብንሆን ካርዶቹን በቀናቸው ተራ ደርድረን፣ የመድኃኒት ማዘዣዎቹን ከኋላ እናያይዝ ነበር።